የኋላው ድምፅ ማጉያ

እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ማታ

ወንበር መልሼ፣ ወለል ጠርጌ አሁን ተቀመጥኩ። የዛሬው የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ፈጀ። አልጋዬ ላይ ሳይቀር ሰው ነበር። ወንድሜ ይህን የቪዲዮ ዴክ ከአሰብ በከባድ መኪናው ጭኖ ሲያመጣልኝ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብሎ ነበር። ይኸው አልሆንኩም። በየእሑዱ ግቢው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው።

የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ነገር ግን ከነከነኝ። ፊት ይቀመጡ ብላቸው እምቢ ይላሉ፤ ሁልጊዜ በሩ ሥር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊልሙን የሚያዩት በጆሯቸው ነው። ከዚያ ጥግ ደግሞ ምኑም አይሰማ። ሲወጡ፣ “ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ አስካለ፤ በምን እንደሆነ አላውቅም” አሉኝ። ለቀልድ ነው። እኔን አላሳቀኝም።

ባሌ ግርማ ካረፈ ሦስት ዓመቱ። የራዲዮ መጠገኛ ሱቁ ዕቃ እስካሁን ጓዳ ውስጥ ተቆልሏል። አሁን የሚሠሩት ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ሁለት እጨምራለሁ። አንዱ በጎን፣ አንዱ ከኋላ። ሴት አትችልም ያለ ይምጣና ይይ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የግርማን የሥራ ደብተር አገኘሁ። ጽሕፈቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ጋዜጣ ነው ያስተማረኝ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ስለዚህ ፊደል በፊደል ነው የምሄደው። እንዲህ ይላል፦ ሽቦውን በራዲዮ ድንጋይ ነካ አድርግ። የድምፅ ማጉያው ወረቀት ወደ ውጭ ከገፋ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ ገልብጥ። ሁሉም አብረው ካልተነፈሱ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይበላል።

አብረው ካልተነፈሱ! ይህን ሰው በሕይወቱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የጎኑ ተሰቀለ። ሳጥኑን በኮምፔርሳቶ ሠራሁት፤ ጎዶሎ ነው፣ ግን ይዟል። አፉን ባረጀ ነጠላ ሸፈንኩት። መጀመሪያ ድምፁ ቀጥኖ ሞተ። በድንጋይ ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሸሸ። ገለበጥኩት። ቤቱ ሞላ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የኋላው ግን ጉድ ሆነ። ጓዳ ያለው ሁሉ ወረቀቱ ተቀዷል። ደኅናው አንድ ብቻ፤ የትልቁ ራዲዮናችን። ከፍቼው የማላውቀው። ስምንት ዓመት።

ደብተሬ፣ ይህን ላንተም ጽፌልህ አላውቅም።

በ1970 ዓ.ም. ነው፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ደምቃ። ግርማ ሱቅ ነበር። የእትዬ ዘነበች ልጅ ሙሉጌታ በሬን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እትዬ አስካለ፣ እኔ ነኝ አለ። ከመንገዱ በኩል የሚሮጥ ጫማ ይሰማል። ራዲዮኑ የሰልፍ መዝሙር እያሰማ ነበር። ተነሣሁ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ራዲዮኑ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ዝቅ ሳደርገው የሚያንኳኳ አልነበረም። ከታች ወንዙ ጋ ያዙት። በዚያው ቀረ።

በማግስቱ እናቱ በዚህ ሲያልፍ አላየሽም ወይ አሉኝ። ራዲዮ ከፍቼ ነበር፣ አልሰማሁም አልኳቸው።

ዝም ብሎ ጓዳ ተቀምጦ ከሚያየኝ ሥራ ይሥራ። ነገ እፈታዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

ሰው ሁሉ ሄዷል፤ ወንበሩን ገና አልመለስኩም።

የኋላውን በሩ ጎን ሰቅዬው ነበር፣ ከእትዬ ዘነበች ራስ በላይ። ገና ሙዚቃው ሲጀምር ፈገግ አሉ። ውስጡ የገባሁ መሰለኝ አሉ። ደስታዬ አልቻለኝም። ፊልሙ መሐል ላይ ግን አንድ ሰው በር ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ። አስቤውም አላውቅ። ድምፁ ከበራችን መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የሚያወራው ዝም፣ የሚስቀው ዝም። የአናጢው የጋሽ በቀለ ኩባያ ከእጃቸው ወደቀ። ይህን ዓይነት ዝምታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እትዬ ዘነበች ተነሡ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መወርወሪያውን አገኙ፣ ከፈቱ። ወደ ባዶው ግቢ፣ “ግባ” አሉ።

ማንም አልሳቀ። አንዷ ፊልሙ ነው እትዬ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ተመልሰው ተቀመጡ። “ፊልሙ እንደሆነማ አውቃለሁ” አሉ። “ግን ማን ያውቃል ብዬ ነው።”

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መርሻ መጣ፣ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ። ጓድ መርሻ ልበል እንጂ። ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል አለ። ሰው ትሰበስቢያለሽ፣ ያውም ሳታስፈቅጂ አለኝ። አራቱን ድምፅ ማጉያ እስከ ቅዳሜ ለቀበሌው አዳራሽ እንዳስረክብ አዘዘኝ። ከኋላ የሰቀልኩት ምን ለማለት ነው ብሎም ጠየቀ። በሩን እያየ። ካልፈለግሽው ለሚካኤል ከቆሻሻው ጋር አቃጥዪው ብሎ ሳቀ።

አስብበታለሁ አልኩት። እርስዎ እያልኩ። በራሴ አፈርኩ።

እውነቱን ልጻፍ። መስጠት አማረኝ። ያ አፍ ከቤቴ ይወጣል፣ ዳግመኛ አያንኳኳም፤ እኔም ቀበሌው ወሰደው እላለሁ። እንደገና የምደበቅበት ድምፅ አገኘሁ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ኅዳር ታጠነ። ሰፈሩ በየደጁ ቆሻሻውን እያነደደ ከእንጦጦ እስከ ታች ጭስ ብቻ። ከኋላ የሰቀልኩትን ፈትቼ በነጠላዬ ስር ይዤ ወጣሁ። ለቀበሌ አልሰጥም፣ ለራሴም አላስቀር ብዬ። አቃጥዬው ልገላገል።

እትዬ ዘነበች እሳቱ ዳር ቆመዋል። ምን ይዘሻል አሉኝ። የኋላውን ድምፅ ማጉያ ነው፣ ላቃጥለው ነው አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑን ዳሰሱ።

“ልጄ ከተወሰደ ጀምሮ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም፣ አስካለ። ለቅሶ እንኳ አልደረሱኝም፤ ፈርተው። ከሩቅ ነው የሚዞሩኝ። እሑድ ተንኳኳልኝ። አታቃጥዪብኝ።”

ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ሳጥኑን ወደ ምስማሩ መለስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መርሻ ደረሰኝ ጽፎ ይዞ መጣ። በሩ ላይ አቆምኩት።

“ዕቃው የባሌ ነው፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ” አልኩት። “ከፈለግህ ሰው ይዘህ ናና ከግድግዳዬ ንቀል። እኔ በእጄ አላቀብልህም።”

አንተ አልኩት። ልጅ ሳለ አፍንጫውን የጠረግሁለት ነው፤ እሱም አልዘነጋው፣ ጆሮው ቀላ። ስብሰባ ላይ እንደሚያስጠራኝ፣ ስሜ እንደሚጻፍ ነገረኝ።

“ጻፈው” አልኩት። “ብቻ ፊደሉን አሳምረው፤ አነበዋለሁ።”

ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ይመለስ ይሆናል። ይመለስ። ለመርሻ እምቢ ማለት ይህን ያህል ከቀለለ፣ ያን ቀን መክፈት ምን ያህል ከብዶ ነበር? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ከብዶ ነበር። ቢሆንም መክፈት ነበረብኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15፣ ጠዋት

የነቢያት ጾም ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። አራቱንም በድንጋይ ፈተሽኩ፤ አራቱም አብረው ወደ ውጭ ይገፋሉ። ከሰዓት ሰው ይመጣል። ቤቴ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መርሻም ቢመጣ ወንበር አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለኝ። እትዬ ዘነበች እዚህ መጥተው፣ በዚያ ራዲዮ አፍ ሥር ተቀምጠው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዲስቁ ዳግመኛ አላደርግም። ከየትኛው ራዲዮ እንደወጣ ይወቁ። ያን ቀን መስማቴንም ይወቁ። ከዚያ በኋላ አቃጥዪው ካሉ አቃጥለዋለሁ። ዓይንሽን አታሳዪኝ ካሉም መብታቸው ነው።

ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩም። ራዲዮም የለም። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ጭር ይበል።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ አልፌ አንድም ቀን አላንኳኳሁም። ዛሬ የማንኳኳው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ። እትዬ ዘነበች፣ እኔ ነኝ እላለሁ። ባይከፍቱልኝም ቆሜ እጠብቃለሁ።