የታክስ ዝርዝሩን ያየሁት እኔ ነኝ

ብሪነ፣ እሑድ ማርች 3 ቀን 2019

ውድ ልጄ ቶርጌር፣

በሹራብ ማኅበሩ ሴቶች ፊት ደመወዝህን ጮክ ብዬ አንብቤ አልቅሻለሁ የሚል ወሬ እዚያ ሰሜን ድረስ እንደ ደረሰህ ሰምቻለሁ። ትክክል አይደለም። አላነበብኩም፤ ቁጥሩን በቃሌ ነው የተናገርኩት። አላለቀስኩምም። በጎረቤታችን በአስላውግ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ፣ የዋፍል ኬክ ሳህን በእጄ ይዤ፣ በረጋ ድምፅ ነው የተናገርኩት። ይህ ከወሬው የባሰ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያደረግሁት ነገር እንዳደረግሁት ይነገር። የሚያለቅስ ሰው የሚናገረውን አያውቅም ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምናገረውን አውቅ ነበር።

ሦስት እሑድ ደወልኩ፤ አላነሳህም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ከመካከሉ ብትተወው አልቀየምም፤ ግን እስከ መጨረሻው ብታነበው ደስ ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው ከአስላውግ ልጅ ከሼቲል አዲስ መኪና ነው። አስላውግ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ መሪው እንዴት እንደሚሞቅ ሳይቀር ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «ያው አንድ ሙያ ነው የተማሩት እኮ። ልጅሽ ግን እዚያ በረዶ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ እንጃለት» አለች። አንተና ሼቲል የጥገና ሙያ ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ ወርክሾፕ ነው የተፈተናችሁት። ያንተ ውጤት ይበልጥ ነበር፤ ይህን እሷም አትክደውም። ዛሬ እሱ እዚህ ዳርቻ ላይ፣ ባሕር ውስጥ ለቆሙት የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ፓምፕ ይጠግናል፤ አንተ ቦትስፊዮርድ ውስጥ የዓሣ ፋብሪካ ማሽን ትጠግናለህ። አንተ ሁልጊዜ «ከዚያ አይከፋም እማዬ» ትለኛለህ። ስንት እንደሆነ ግን ነግረኸኝ አታውቅም።

እኔም ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቼ በታክስ ዝርዝሩ ላይ ስምህን ፈለግሁ።

በእኛ ጊዜ ዝርዝሩ በየበልጉ... አይደለም፣ በየመኸሩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሰው ባርኔጣውን እንዳደረገ ቆሞ፣ የራሱን ስም የሚፈልግ መስሎ የጎረቤቱን ያነብ ነበር። አባትህ ቄሱ ስንት እንደሚያገኙ ሳያይ አንድም ዓመት አላለፈም። ማን የማንን እንዳየ የሚመዘግብ አልነበረም። ኮምፒውተሩም ያው ጠረጴዛ መሰለኝ። በራሴ የባንክ መለያ ገብቼ፣ ስሜ መልሶ ለአንተ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ስሜን ስታይ፣ «ማግንሂልድ ትቬይተን የምትባል ሌላ ሴት ትኖር ይሆናል» እንዳልክ ያንተዋ ራግና ነገረችኝ። ልጄ፣ ሌላ የለችም።

የሼቲልንም አይቻለሁ። ስለዚህ እሱም ያውቃል፤ እናቱም ታውቃለች።

በስሙ ትይዩ ስምንት መቶ ሺህ ክሮነር ገደማ አለ። ባንተ ትይዩ አራት መቶ ሺህ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ተርቧል አልኩ። ይጠጣል አልኩ። ይህንንም ልነግርህ ይገባል፤ ስለ አንተ እንዲህ ማሰቤ ነው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ማኅበሩ አስላውግ ቤት ነበር። ዋፍሉን እያዞረች ስትደርስብኝ ሳቅ ብላ፣ «ማግንሂልድ፣ ያ ልጅሽ እስካሁን በዓሣ ጭንቅላት ነው የሚከፈለው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የዘወትር ሳቃቸው ነበር። እኔም ስቄ፣ «ከፓምፕ ዘይት ይጣፍጣል» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

እኔ ግን፣ «አራት መቶ ሺህ ነው የሚያገኘው። ሼቲል እነሱ ጋ ቦታ ሊፈልግለት አይችልም?» አልኩ።

የሹራብ መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ። አስላውግ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እኔ እኮ ስቀልድ ነው» አለች። ቆየት ብላ እጄን ያዘችና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እጠይቀዋለሁ፣ የኔ እህት» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ስንተዋወቅ የኔ እህት ብላኝ አታውቅም። ለሐዘንተኛ የሚወጣ ድምፅ ነበር። እኔም እጄን አልነጠቅኋትም። ተመቸኝ።

ሼቲል ደግ ልጅ ነው፤ አላሳደረውም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ቦታ አለ ብሎ ደወለልህ። በዚያ በዓሣው ወቅት፣ ማሽን ሥር ተኝተህ ሳለህ፣ እናትህ ሥራ እየለመነችልህ እንደሆነ ከትምህርት ቤት ጓደኛህ አፍ ሰማህ።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ያነሳችው ራግና ናት። እዚያ እንደሚኖር ሰው ሁሉ አንቺ ትለኛለች፤ እንደ እነሱም ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ፊት አንድ እርግማን ታስቀድማለች። እኔ ባደግሁበት ቤት ሁለቱም አይፈቀዱም ነበር። ግን ከሁሉም ሰው በላይ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት።

«ሰይጣን ይውሰደው፣ አንቺ ነሽ እንዴ!» አለች። «የለም። የዓሣ መሙያው ማሽን ኩሽኔታ ተሰብሮ ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ ተሰልፈዋል። እስከ ክንዱ ግራሶ ውስጥ ነው።»

«ተቆጥቷል?»

«ቢቆጣማ በምን ዕድላችን! አፍሯል።»

«እሱ ምን አድርጎ ያፍራል? ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንድ ላይ ሆናችሁ እፈሩ። እኔን መካከል አታቁሙኝ።»

ያየሁትን ቁጥር ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ ሳቀች።

«ያ ደመወዙ አይደለም፣ ማግንሂልድ። ደመወዙ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ነው። እዚህ ሰሜን ለሚኖር ሰው የሚቀነስለት አለ፤ ወለዱም ይቀነሳል። አንቺ ያየሽው ከዚያ ሁሉ በኋላ የተረፈውን ነው።»

«የምን ወለድ?»

 

«የቤቱ» አለች።

«የምን ቤት?»

እዚህ የማልጽፈውን ቃል ተናገረች። «አልነገረሽም ማለት ነው» አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ገጹን እንደገና ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ላንተ እንደሚደርስህ እያወቅሁ ከፈትኩት፤ ስለዚህ ስሜን ሁለቴ ብታይ አትደነቅ። ከቁጥሩ በላይ፣ የሚቀነሰው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። በገበያው የሂሳብ ወረቀት ላይ የሳንቲም ስሕተት አግኝቼ ሰልፍ የማስቆም ሴት፣ ስለ ልጄ የተጻፈውን አንድ መስመር ዘልዬው ነበር።

ልዩነቱ የለም አልልም። ሼቲል ከአንተ ይበልጥ ያገኛል፤ ነዳጁ ያለበት ዳርቻ ለአንድ ዓይነት እጅ የበለጠ ይከፍላል፤ የትርፍ ሰዓቱም ብዙ ነው። እዚያ ግን ታክሱ ያንሳል፤ እዚህ የመኪና ማቆሚያ በሚገዛበት ዋጋ እዚያ ቤት ይገዛል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ አስልቼ ሳበቃ፣ ለምን እንደማሰላው ጠፋኝ። ግማሹንም ብታገኝ ኖሮ ለሹራብ ማኅበር የሚነገር አልነበረም።

ስለ ቤቱ ልቆጣ አሰብኩ። ካቻምና የገዛኸውን ለምን ደበቅኸኝ ልልህ ነበር። ከዚያ ባለፉት አምስት ዓመታት የጻፍኩልህን ደብዳቤዎች አሰብኩ። ሁሉም ውስጥ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አለ፤ ደመወዙን በቀይ አስምሬበታለሁ። እዚህ ደመወዝ ጥሩ ነው፣ እዚህ ደመወዝ ጨምሯል፣ እዚህ መካኒክ ጠፍቷል። ሌላ ነገር ጽፌልህ አላውቅም። ለእንዲህ ያለች እናት ቤት ገዛሁ ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ገባኝ። ቤት የገዛ ሰው ወዴትም እንደማይሄድ እኔም አውቃለሁ። ማስታወቂያ ከእንግዲህ አልልክም። እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ምሽቱ ረዘም ይላል እንጂ ደህና ነው። ሬዲዮኑን ከፍቼ እተኛለሁ።

ራግና ከላይ ወደ ወደቡ የሚያይ ክፍል አለ አለችኝ። ለማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ቶርጌር የእንግዳ ክፍል ይለዋል፤ እንግዳ መጥቶብን ግን አያውቅም» አለች። ሌላ አልጠየቅሁም።

በተናገርኩትም፣ ባሰብኩትም ይቅር በለኝ። የሰጠህን እጅ እግዚአብሔር ሙሉውን ይጠብቅልህ፤ ኤሌክትሪኩን ሳታጠፋ ወደ ማሽን አታስገባው። ቤታችሁ ሙቀት አይጉደለው። ለራግና ሰላምታዬን ንገራት፤ ስትራገም የሰማሁትንም ይቅር ብያታለሁ።

ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሄጄ በእጄ እሰጣለሁ። ከዚያ አስላውግ ቤት እሄዳለሁ፤ ግቢ ብትለኝም አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ልጄ ሥራ አለው፣ ቤትም አለው፤ የለመንኩት ለእሱ አልነበረም» እላታለሁ፤ ለማን ነበር ብላ ከጠየቀችኝም «ለራሴ» ብዬ እመልስላታለሁ። ሼቲልን ሥራ ቦታው ላይ ሳይሆን በምሳ ሰዓቱ ደውዬ አመሰግነዋለሁ፤ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡትም እነግረዋለሁ። ቀጥሎ የጉዞ ቢሮው ሄጄ ወደ ቦትስፊዮርድ የሚወስደው ትንሹ አውሮፕላን በየትኛው ቀን እንደሚነሳና ዋጋውን እጠይቃለሁ። መጠየቅ ብቻ ነው። ነይ እስክትለኝ ድረስ ትኬቱን አልቆርጥም።

እናትህ
ማግንሂልድ