ስለ ሙሽራው ክፍል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሄምራጅ ቡዱ፣
የካንጄ ዘማሪ ወፎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ኒው አምስተርዳም።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ የተከበሩ ባለቤትዎም፣ በጉባኤው ሁለት ቀን ሙሉ ከጆሮዎ ያልተለየው ስልክዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ወፎቻችን ግን፣ ምን ይደረግ፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

ማኅበራችን በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜው የሚያውቀው ጉባኤ፣ ቅዳሜ ማታ አንዱ አባል ግቢ ተሰብስቦ በኮኮናት የተሠራ ሩዝ መብላት፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የቶዋ ቶዋ ወፎቻችንን ጎጆ ጎን ለጎን ሰቅሎ የትኛው ቀድሞ ሃምሳ ጊዜ እንደዘመረ በጠመኔ መቁጠር ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ሆቴል ከነአልጋው፣ ሽርሽር ከነአውቶቡሱ ጨመሩልን። እግዜር ይስጥልን እያልኩ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሆቴሉ። ዘበኛው «እንስሳ አይገባም» ብሎ በር ላይ ሲያስቆመን፣ እርስዎ «እንስሳ አይደሉም፣ የጉባኤው ተሳታፊዎች ናቸው!» ብለው ወፎቹን አንድ በአንድ በእንግዳ መዝገብ ላይ በስማቸው ማስመዝገብዎ አኩርቶናል። ብቻ ቁርሱ የታዘዘው በመዝገቡ መሠረት ስለነበር፣ ለአሥራ ዘጠኝ ወፎች የእንቁላል ጥብስ ቀረበላቸው። ወፍ እንቁላል ሲጋበዝ ምን እንደሚሰማው ለኅሊናዎ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽርሽሩ። ወንዙን ሽቅብ ሄዶ የደቾችን ምሽግ ለመጎብኘት ከሳምንቱ ሰዓታት ሁሉ መርጠው የያዙት እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትን፣ ማለትም ወፍ የሚዘምርባትን ያቺኑ ሰዓት ነው። ሦስቱም ዳኞቻችን በአውቶቡሱ ሄዱ። እኛ ከነጠመኔያችን ቀረን። ብደውልላቸው «ኧረ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ምነው ቀረሽ?» አሉኝ። የተመለሱት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በዚያ ፀሐይ እንኳን ወፍ ዶሮም አፏን አትከፍትም።

ሦስተኛውን እንዲህ እየቀለድኩ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። አጎት ሱክዴኦ ማኅበራችንን ያቋቋሙ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዋንጫውን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ወፋቸው ካፒቴን ከጉባኤው በፊት በተደረጉት ማጣሪያዎች ያገኘውን ሁሉ አሸንፎ ለመጨረሻው ውድድር ደርሶ ነበር። እርስዎም እሳቸውን ለማክበር ሲሉ የሆቴሉን ምርጥ ክፍል፣ የሙሽራውን ክፍል ሰጧቸው። ሦስት ግድግዳው ፊት ማያ መስታወት ነው።

ቶዋ ቶዋ ሌላ ወንድ ወፍ ካየ ዝም እንደማይል፣ ለዚያም እስከ ውድድሩ ድረስ ጎጆው በጨርቅ እንደሚሸፈን የካንጄ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አጎት ሱክዴኦም ያውቃሉ፤ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሌላ ወፍ የሌለበት ክፍል መስሏቸው፣ ትንሽ ይናፈስ ብለው ጨርቁን ገለጡለት። ካፒቴን ከሦስት ባላንጣ ጋር ቅዳሜን ሙሉ ሲሟገት ዋለ። ሳልፍ አንኳኳሁና በሩን ገርበብ አድርገው «ሮሊን ልጄ፣ ስሚው! እንዲህ ዘምሮ አያውቅም! ነገ ዋንጫው የኛ ነው በይ!» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ገባ ብዬ እንኳ ሳላይ ሄድኩ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ፣ ዳኞቹ ከሽርሽሩ ተመልሰው ውድድሩ ሲጀመር፣ ካፒቴን አራት ጊዜ ብቻ ዘመረ። ተጋጣሚው እያንቀላፋ አሸነፈ። አጎት ሱክዴኦ ጎጆውን በዳበሳ ሸፈኑና «ጥፋቱ የኔ ነው። ማየት የማይችል ሰው ወፍ ሊይዝ አይገባውም» አሉኝ፤ ከዚያም ወፉን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ቆረጡ። እኔ ነገሩ የገባኝ ሰኞ፣ ረስተውት የሄዱትን ባርኔጣ ላመጣ ክፍሉ ስገባ ነው። ወዲያው ደውዬ ነገርኳቸው። «ተይ ልጄ፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ አትዋሺ» ብለው ሳቁብኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ክፍሉን የመረጡት እርስዎ ነዎትና የመስታወቱን ነገር በገዛ አንደበትዎ ቢነግሯቸው ያምኑዎታል። ይህ የእርስዎን ያህል የማቀድ ተሰጥኦ አይጠይቅም።

የሚመጣውን ዓመት ጉባኤ በድመቶች ማኅበር አስተናጋጅነት እንደሚያሰናዱልን በመተማመን፣ ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣

ሮሊን ክዋሺ
የማኅበሩ የጠመኔና የሰሌዳ ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ አጎት ሱክዴኦ «እንዲያ ያለ ክፍል በዕድሜዬ አልተኛሁበትም፤ ያን ሰው ምን ልክፈለው?» ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ወስነዋል። ካፒቴንን የሚሰጡት ለእርስዎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎጆውን አንጠልጥለው ደጅዎ ይመጣሉ። ወይ እውነቱን ነግረው ከነወፋቸው ይመልሷቸው፣ ወይ አመስግነው ይቀበሉና ካፒቴን ዕድሜ ልክዎን በየማለዳው ይቀስቅስዎት።