ሦስተኛው ሽቦ

ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን። ልጄ ቁመቷ እኔን አልፎ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ዓይኔ ብቻ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እምቢ ብሎኛል፤ ስፌት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ናት የምታስገባልኝ። «አንቺ ክር አቀብይኝ፣ እኔ ወሬ አቀብልሻለሁ» እያልኩ ተስማምተን እንኖራለን። ከዚህ ሌላ የሆንነው ነገር የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ መንገር ስትችል ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትል አውቃለሁ። ምን ላድርግ? የአምፕሊፋየሩን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክህ ይጠፋል። ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ እንደ ጎረቤት ጥርት ብሎ የሚሰማው ስልክህ፣ «ልጅቷ የአባቷን አምፕ» ስል ወዲያው «ሃሎ? ሃሎ?» ማለት ይጀምራል። ወረቀት አይቋረጥም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፈርቻለሁ ወንድሜ። መጀመሪያ እሱን ልንገርህ። የሚመጣው ቅዳሜ ልጄ ወጣቶች አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ ጊታር ልትጫወት ነው፣ ያውም በአባቷ አምፕሊፋየር። አባቷ የሞተ ዕለት ከኋላው ቆሞ በነበረው፣ በዚያው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ነገሩ የጀመረው የራሷን ጊታር ልትመርጥ ሱቅ ይዛኝ የሄደች ዕለት ነው። ጊታሮቹ እንደ ተተኮሰ ኮት ግድግዳው ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። እኔ ቀይዋን ወደድኳት። «እማዬ፣ ቀሚስ እየመረጥን እኮ አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ። ሻጩ ሁለት አወረደላት። የአንደኛዋ ድምፅ የሚለቅሙላት ማግኔቶች ነጠላ ነጠላ ናቸው፤ ድምፅዋ ቀጠን፣ ጥርት ያለ ነው፤ ግን እጅ ሲነሳላት ዝም አትልም፣ ዝዝዝ ትላለች። የሁለተኛዋ ማግኔቶች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ድምፅዋ ወፈር ይላል፣ ስትተዋት ጸጥ ትላለች። ልጄ ልቧ በነጠላዋ ላይ ወደቀ። እኔ ያን ዝዝታ ስሰማ ሻጩን ዝጋልኝ አልኩት። የልጄ አባት «ዝንቡ» ይለው እንደነበር ታስታውሳለህ አይደል? ልምምድ ላይ ሁላችሁንም «ይህን ዝንብ ግደሉልኝ» እያለ ሲነዘንዛችሁ?

ቀጥሎ አምፕሊፋየር ሆነ። ሻጩ ዲጂታሏን አመጣት፤ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት። ውስጧ የመቶ አምፕ ድምፅ አለ ብሎን ቁልፏን ሲያዞራት፣ እውነትም አንዴ ጭምት፣ አንዴ ሰካራም ትሆናለች። በጆሮ ማዳመጫ መለማመድ ይቻላል። አትግልም፣ በአንድ እጅ ትነሳለች። ሻጩን ልስመው ምንም አልቀረኝም። አጠገቧ ደግሞ ያ የድሮው ዓይነት፣ ባለ ቲዩቡ ቆሟል፤ ከኋላው በወንፊቱ ሳየው መስታወቶቹ እንደ አምፖል ቀልተው፣ የጋለ አቧራ ሽታ ይሸታል። ሽታውን አወቅኩትና ወደ በሩ ሄጄ ቆምኩ።

ሻጩ ጀርባዋን አዙራ እንድትለይ አደረጋት። አንድ ዜማ በሁለቱም ተጫወተላት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋት። «አየሽ! ልዩነት የላቸውም! በይ ትንሿን ይዘን እንሂድ» ብዬ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ። እሷ መች ሰማችኝ። ራሷ ልሞክር ብላ ጊታሩን ተቀበለችው፤ ዓይኗን ጨፍና አንዴ በዚያ፣ አንዴ በዚህ መታች። ከዚያ ዲጂታሏ የምላትን ሁሉ ትደግምልኛለች፣ ቲዩቡ ግን ይመልስልኛል አለች። ቀስ ስለው ለስለስ ይላል፣ ስጫነው ይሻክራል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ይሰነጠቃል አለች። ቀጥላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አባዬ ከውጭ ሲጠራኝ ድምፁ እንዲህ ነበር አለችኝ። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው እኮ የሞተባት! ምን ልበላት? እሷም ጊዜ አልሰጠችኝም፤ «ታዲያ ምን አዲስ ያስገዛናል? የአባዬ ጓዳ ውስጥ አለ አይደል?» አለች።

ያ አምፕ አባቷ ከሞተበት ሜዳ ተመልሶ ከመጣ ወዲህ የአልጋ ልብስ ለብሶ ጓዳ ጥግ ነው ያለው። ስጠርግ እንኳን እንደ ተኛ ውሻ ዞሬው ነው የማልፈው። ለምን አልጣልሽውም ብትለኝ፣ መጣልም ፈራሁ።

ተጣላን። ከለከልኳት፣ አለቀስኩ፣ እሸጠዋለሁ ብዬ ዛትኩ። እሷ ካውያሽም ኤሌክትሪክ ነው፣ ፍሪጁም ኤሌክትሪክ ነው ትለኛለች። እሺ ላስቲክ ጫማ አድርጊ ብላት መድረክ ላይ በላስቲክ ጫማ ልውጣልሽ ብላ እየተንከባለለች ሳቀች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የእኔ ነገር፤ እሷ እባቡን አላየችም። በመጨረሻ ግን በራሴ ቃል አሰረችኝ፤ «አባዬን የገደለው ዝናብ ነው ብለሽ አሳድገሽኛል፤ አዳራሹ እኮ ጣራ አለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሉም ዝናብ ነው አለ። ሜዳው ረጥቦ ነበር፣ አንድ እጁ የጊታሩ ክር ላይ ነበር፣ ሊዘፍን ከንፈሩን ማይኩ ላይ ሲያስጠጋ ወደቀ። እኔ አልነበርኩም። አንተ ነበርክ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

መጀመሪያ ሠሪ ከፍቶ ይየው በሚል ተስማማን። ሰፈሩ «ሐኪሙ» የሚለው የቴፕና የሬዲዮ ሠሪ አለ፤ ወሬ ሲይዝ ማቆሚያ የለውም። አምፑን በጋሪ አስጭነን ወሰድንለት። ዕቃውን ገና ሳይነካ፣ ስለ አማቱ እያወራልን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ስፒና በመፍቻ ከፈተው። ከዚያ ዝም አለ። ወሬኛ ሰው ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ አታውቅም።

ገልብጦ አሳየን። ሦስት ሽቦ መኖር አለበት፤ ሁለቱ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሦስተኛው፣ የመሬት የሚባለው፣ የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ተቆርጦ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ሙዚቀኞች ናቸው ይህን የሚያደርጉት አለ፤ ያ ዝዝታ ሲያስመርራቸው ይቆርጡታል፣ ድምፁ ጸጥ ይላል፤ ጠባቂውም አብሮ ይሄዳል። ስንት መድረክ ምንም ሳይል ሠርቶ ይሆናል አለ። ከዚያ አንድ ቀን ውስጡ ያለ አሮጌ ዕቃ ያልቅና ኤሌክትሪኩ ወደ አምፑ ብረት ይፈስሳል፤ ብረቱ ከጊታሩ ክር ጋር የተያያዘ ነው። መሄጃ የለውም፣ ይጠብቃል። ሰውየው በአንድ እጁ ክሩን፣ በከንፈሩ ማይኩን ሲነካ፣ የተቆረጠውን ሽቦ ቦታ ራሱ ሰውየው ይተካዋል። ቲዩብ ሆነ ዲጂታል፣ ብረት ለብሶ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ያው ነው አለን። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን መስታወቶቹን ስፈራ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ሐኪሙ ይህ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ።

ስፒናውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቴፑ ሳይጨማደድ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ እንዳይነሳ በላይተር ቀለጥ ተደርጎ ተጣብቋል። የልጄ አባት ቴፕ በጥርሱ ቆርጦ እንደነገሩ የሚለጥፍ ሰው ነበር። የእኔ ካውያ ገመድ ግን እንዲህ ነው የተጠቀለለው፤ በየቀኑ እተኩስበታለሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጫፉ አልተነሳም። ካውያዬን ማን እንደጠገነልኝ ላንተ መንገር የለብኝም።

ልጄ አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «የአባትሽ ሥራ ነው» አልኳት። ራሱ ነው የቆረጠው፣ ዝንቡን ሊገድል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ነፍስ ይማር አለ። ልጄ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ «አባዬ ደግሞ!» ብላ እንባዋን ጠረገች። እንዲህ ተነገረ፣ እንዲሁም ይቀራል። የሞተው ይሸከመዋል፤ ጀርባው ሰፊ እንደነበር ታውቃለህ።

አልዋሽህም፣ ቤት ከገባሁ በኋላ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አልጽፈውም። ካውያውን ግድግዳው ላይ ልወረውረው አንስቼ ነበር። ከዚያ አስቀመጥኩትና የተማሪ ዩኒፎርም ስተኩስ አመሸሁ፣ እንባዬ እየተንጠባጠበበት። ስተኩስ አንድ በአንድ ይገባኝ ጀመር። ጊታርህን ለምን ለሰው እንደሰጠህ። ለምን ከተማውን ለቀህ እንደሄድክ። ስትመጣም መናኸሪያ ቁጭ ብለህ ዕቃ በሰው ትልክልኛለህ እንጂ በሬን አትረግጥም። አዝነህብኝ ይመስለኝ ነበር። ምን አደረግኩት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን መረመርኩ መሰለህ፣ አንተ ሞኝ!

አሁን አንድ ነገር ስማኝ። የሞተ ዕለት ጠዋት፣ ሸሚዙን እየቆለፍኩለት፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። «ዝንቡ ሞተልኝ! የገደለልኝ ሰው እጁ ይባረክ» አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ዛሬም አልጠይቅም። ግን ከአፉ ከሰማኋቸው የመጨረሻዎቹ ቃላት አንዱ ምርቃት ነበር፤ ምርቃት ደግሞ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ጓዳዬ ተቀምጦ መቅረት የለበትም። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

ሐኪሙ ገመዱን አውጥቶ ጥሎ አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ አስገባ። ውስጡ ያለቀውንም ዕቃ ለወጠው። መለኪያውን ብረቱ ላይ አስነክቶ ይኸው ምንም የለም ብሎ አሳየኝ። ልጄንም እግሯ ሥር ወድቄ ዝም የምትለዋን ጊታር አስመረጥኳት፣ ማንም ዝንብ መግደል እንዳያስፈልገው። ቢሆንም የእኔ ልብ መለኪያ ማንበብ አይችልም። ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ነው የምቆመው። ድምፁ ሲሻክር፣ ያ ድምፅ ከጓዳ ወጥቶ ቤቱን ሲሞላው፣ ደስ ይለኛል፤ እዚያው ደግሞ ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ ትደርሳለች። ከንፈሯን ማይኩ ላይ የምታስጠጋባትን ያቺን ደቂቃ ሳስብ መቀመጥም መቆምም ያቅተኛል።

ሐኪሙ ቅዳሜ መጥቼ ልሰካላችሁ ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት። ወንድሜ ይመጣል አልኩት። ልጄ ሰምታ አጎቴ ስለ ገመድ ምን ያውቃል አለችኝ። ከእሱ የበለጠ ተጠንቅቆ የሚያይልሽ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም አልኳት።

ስለዚህ ትመጣለህ። መናኸሪያ አትቀመጥም፤ ቀጥ ብለህ ወደ አዳራሹ ትገባለህ። ስፒናውን ትፈታለህ፣ ሦስቱንም ሽቦ በዓይንህ ታያለህ፣ በእጅህ ትነካለህ፣ ትገጥመዋለህ። ከዚያ አንተ ራስህ ግድግዳው ላይ ትሰካዋለህ። ሌላ ሰው ከሰካው እኔ አላስጫውታትም። ስትጨርስ መጥተህ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ ወንበርህ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ልጅቷ ወደ ማይኩ ስትጠጋ እጅህን ስጠኝ።

መንገዱን ሰላም ያድርግልህ፣ ከክፉ ዓይን ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጄ ሰላም ብላሃለች።

ያሳደገችህ እህትህ