በቀይ የጻፍኳቸው ስሞች

ጥር 6

የተለመደ ቀን። ትምህርት ቤት፣ ሪከርድ ክፍል፣ ስልሳ የተማሪ ፋይል በፊደል ተራ ደረደርኩ። ሁለቱ ላይ ስም የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከኝ ዋለ። ስም የሌለው ፋይል እንዴት ፋይል ይባላል?

ቤት ስገባ እናቴ ከእንግዳ ጋር ተፋጥጣለች። ከከተማው አስተዳደር ነው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ። አባዬ ካረፈ ስድስት ወሩ... መታሰቢያ ሊያደርጉለት ነው! አዳራሹ በስሙ ይጠራል፣ ዕቃዎቹ ለሕዝብ ይታያሉ። እንባዬ መጣ። ሃያ ዓመት የታሳሪ ቤተሰብ ይዞ በየጣቢያው ሲንከራተት፣ የተደበደበ ሰው ይዞ ፍርድ ቤት ሲመላለስ... ይገባዋል እኮ።

ሰውዬው እንደወጣ እናቴ፣ «በሕይወት እያለ ደጃቸው ቆሞ ሲውል ወንበር ያልሰጡት ናቸው። ዛሬ አዳራሽ?»

«እማዬ ደግሞ! ሰው ሁሉ ክፉ ይመስልሻል።»

የእንግዳውን ስኒ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥር 9

የአባዬን ጥቁር ደብተር አወጣሁ። አንድም ስም የለበትም። «ዳቦ ጋጋሪዋ፦ ልጇ ሲወሰድ ያየችው።» «ጫማ ሰፊው፦ ጣቢያ ውስጥ እግሩን የሰበሩት።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው፣ ያውም በእርሳስ። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! «ስማቸው ጠፍቶህ ነው?» ስለው፣ «እኔ ጋ ነው» ብሎ ግንባሩን መታ መታ ያደርግ ነበር።

ባለ ሽቶው ደብተሩ ላይ ላሉት ሰዎች የክብር ጥሪ ልንልክላቸው ነው፣ ስማቸውን ሙይልን ብሎኛል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሻይ ሳፈላላቸው የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ሃያ ሦስት ስም፣ ከነሰፈራቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ። አሁን ደብተር ደብተር መሰለ።

ጥር 12

ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «መስታወት ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ እህቴ።» ቆሞ ገለጥ ገለጥ አደረገው። አባዬ የጻፈውን ግን አልነበረም የሚያነበው። ቀዩን ብቻ...

መስሎኝ ይሆናል።

ጥር 17

ጫማ ሰፊው መጣ። ይግቡ ብለውም እምቢ አለ፣ ክራንቹን ተደግፎ በር ላይ ቆመ።

«ሁለት ሰዎች ሱቄ መጥተው ነበር። ለመታሰቢያው ነው አሉ። ከዚያ እግሬን ማን እንደሰበረው ለማን ለማን እንደተናገርኩ ጠየቁኝ።»

«እና?»

«ከአባትሽ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስሜን ከየት አገኙት፣ ልጄ?»

ምን ልበለው? እኔ ነኝ የሰጠኋቸው? በቀይ?

ጥር 18

ደብተሩን መልሱልኝ ልል ቢሮው ሄድኩ። ባለ ሽቶው ፈገግ እንዳለ ነው። «መስታወቱ ተቆልፏል። በዕለቱ ታዪዋለሽ።» በሩ ድረስ ሸኘኝ። «አባትሽ በጣም ጥንቁቅ ሰው ነበሩ» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ደግ ነሽ።»

በሩጫ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ጫማዋን አጥልቃ፣ «በይ ተነሽ፣ እየዞርን እንንገራቸው» አለች። ሁሉም ጋ ደረስን፤ እንዳይመጡ ለመንን። አንዱ በሩን ፊታችን ላይ ዘጋው። ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ «እኔ እመጣለሁ። ለሱ ብዬ እንጂ ለነሱ ብዬ አይደለም።» ብንላት ብንሠራት አሻፈረኝ አለች።

ጥር 24

ትልቅ ፎቶው፣ አበባ፣ ድምፅ ማጉያ። ከፊት ሃያ ሦስት የክብር ወንበር፣ በየጀርባቸው ስም የተለጠፈባቸው። ሃያ ሁለቱ ባዶ። ዳቦ ጋጋሪዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፎቶ አንሺው ደጋግሞ የሚያነሳው እሷን ነው። ደብተሩ መስታወቱ ውስጥ ተከፍቷል፤ ቀዩ ከሩቅ ይታያል። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ተናገሪ ሲሉኝ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጠፍኩት። «አባቴ የሰው ስም አይጽፍም ነበር» አልኩ። «እነዚህን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ...» ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ባለ ሽቶው ቀድሞ አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው።

ጥር 27

ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው።

ጥር 29

ከሥራ ስመለስ ጫማ ሰፊው ቤታችን ገብቶ የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ሲወስዷት አይቻለሁ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት፣ በግራጫ መኪና። ታርጋውን ይዣለሁ።»

«እኔ ጋ ምን አመጣዎት? ይሄን ሁሉ ያመጣሁብዎት እኔ አይደለሁ?»

«ነሽ» አለ። «የት ልሂድ ታዲያ? ጻፊ።»

አዲስ ደብተር አወጣሁ፣ እርሳስ ቀረጽኩ።

«አሁንማ አውቀውኛል፤ ስሜንም ጻፊው።»

«ስምዎ እኔ ጋ ነው» አልኩት። እጄ ግንባሬ ላይ ሲደርስ ታወቀኝ።

ጻፍኩ። «ጫማ ሰፊው፦ ዳቦ ጋጋሪዋ ስትወሰድ ያየው።»

ከሄደ በኋላ እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። አየሁ፤ ማዶ ግራጫ መኪና ቆሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም።

«እማዬ፣ ከመስኮቱ ዞር በይ እባክሽ።»

«ቆይ» አለችኝ። «ታርጋውን በቃሌ እየያዝኩ ነው።»