ደብሌን ያፈረስክብኝ ዕለት

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅህ አይቀርም። ቤታችሁ ከሱቄ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ስልክም አለ። ግን በስልክ አንድ ነገር ስጀምርልህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትገባለህ፣ ሦስተኛውን አንተው ትጨርስልኛለህ፣ ከዚያ በኋላ እኔ እንደዚያ ለማለት እንዳልፈለግኩ ሳስረዳ እውላለሁ። ወረቀት ላይ መሀል መግባት አይቻልም። እባክህ ሳታስቀምጠው እስከ ታች አንብበው።

እማዬ ትናንት ደውላልኝ ነበር። ለአዲሱ የብሪጅ ውድድር የሁለታችንን ስም እንዳስመዘገብክ፣ አዲስ አሠራር እንዳዘጋጀህ፣ እሑድ መጥቼ እንድማረው እንዳዘዝክ ነገረችኝ። ትጫወቺያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም እሺም እንቢም ሳልል "ልጻፍለት" አልኳት። ሳቀች። "ጻፊለት፣ መነጽሩን ሲያደርግ ምናልባት ይሰማ ይሆናል" አለችኝ።

እንግዲህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከዛሬ ጀምሮ አጋርህ ሆኜ አልጫወትም። ምክንያቱን ካልነገርኩህ "ደክሟት ነው፣ ይለፍላታል" ትላለህ፣ ስለዚህ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ጮክ ብለህ ለእማዬ እንደምታነብላት ስለማውቅ እሷም እንዲገባት አድርጌ ልጀምር። እማዬ፣ ብሪጅ አራት ሰው ሁለት ለሁለት የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ነው፤ አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ካርታው ከመውረዱ በፊት ጨረታ አለ። "በዚህ ካርታ ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን" እያሉ ይጫረታሉ። አጋርሽ የያዘውን አታዪም። ልትነጋገሩ የምትችሉት በጨረታው ቃላት ብቻ ነው፤ ጥቂት ቁጥር፣ እንደ ልብ፣ ስፔድና አበባ ያሉት የአራቱ የካርታ ዓይነቶች ስም፣ የትኛውም ዓይነት አይብለጥ የሚለው ኖትራምፕ፣ አልፌያለሁ የሚለው ፓስ፣ እና ደብል። ጥቅሻ የለም፣ ሳል የለም፣ "ኧረ እንደሱ አይደለም" የለም። ስለዚህ አጋሮች የየቃሉን ትርጉም አስቀድመው ይስማማሉ፤ አሠራር የሚባለው ይህ ነው። ደብል የሚገኘውንም የሚከሰረውንም ነጥብ ያበዛዋል፤ ተጋጣሚዎች በጠሩት ላይ አጋር ደብል ካለ ደግሞ፣ በእኛ ስምምነት፣ "ያሉትን ሳይሞሉ ይወድቃሉ፣ ተዋቸው፣ አትንካብኝ" ማለቱ ነው።

አባዬ፣ አሠራርን በተመለከተ ማንም አይወቅስህም። መጀመሪያ በወጣትነትህ የተማርከውን አስተማርከኝ፤ ያለሽን ጥሪ፣ የሌለሽን አትጥሪ የሚለውን። እሱን ስለምድ አሮጌ ነው ብለህ ጣልከው። ቀጥሎ አንድ አበባ መጥራት አበባ አለኝ ማለት ሳይሆን እጄ ከባድ ነው ማለት የሆነበት አሠራር መጣ። ከዚያ ደግሞ በቀላል እጅ ቀድሞ ማስፈራራት ይሻላል የሚለው። በመጨረሻ አንተው ራስህ የፈጠርከው፣ እማዬ "የቤታችን ሕገ መንግሥት" ያለችው፣ ማሻሻያው ከአንቀጹ የበዛው። ሁሉንም ተማርኩ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ እያጠናሁ፣ አውቶቡስ ላይ እያጠናሁ ተማርኩ። አራት ቋንቋ አስተማርከኝ፣ በአንዱም አልሰማኸኝም። አሁን አምስተኛውን እንዳዘጋጀህ ስሰማ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ያቺ የማሠልጠኛ መኪናህ ትዝ አለችኝ። ዕድሜህን ሁሉ ሰው መንዳት ስታስተምር በአንተ በኩል ሁለተኛ ፍሬን ነበረህ። እኔም የተማርኩት በእሷው ነው። ቀይ መብራት አይቼ እግሬን ሳነሳ መኪናዋ ቀድማኝ ትቆማለች። አንድ ቀን "አይቼው ነበር እኮ" ብልህ "ማየትሽን በምን አውቃለሁ?" አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ሁልጊዜ ቀድመህ ስለምትረግጥ በምንም ልታውቅ አትችልም ነበር። ፈተናውን ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ተለማምጄ አለፍኩ።

አሁን ወደዚያ የመጨረሻ ዙር ልምጣ። እዚያ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የቆመው ጠረጴዛ ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጮቹ ወንድማማቾች ጋር። ያን ዙር ካሸነፍን ክለቡን ወክለን የምንሄደው እኛ ነበርን። ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ለሱ ነው። እኔ ለሱ ስል ሁለት ጊዜ የዕረፍት ጊዜዬን ሠውቻለሁ።

አንተ በልብ ከፈትክ። ታናሽየው ስፔድ አለ። እኔ አንድ ኖትራምፕ አልኩ፤ በአንተው ሕገ መንግሥት ይህ "ልብህን ብዙም አልደግፍም፣ ስፔዱን ግን ይዤዋለሁ፣ አትስጋ" ማለት ነው። ታላቅየው ዘሎ አራት ስፔድ ጠራ። አንተ ፓስ፣ ታናሽየው ፓስ። እጄን ደግሜ አየሁት። አራት የስፔድ ካርታ ነበረኝ፣ ከነአሱ ከነንግሥቱ፣ ያውም ስፔዱን ከጠራው ሰው ቀጥሎ ተቀምጬ፤ እሱ የሚያወጣውን እያየሁ እበላለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ እጅ ዓመት ተጠብቆ አይመጣም። ድምፄን ሳልለውጥ ደብል አልኩ።

አንተ መነጽርህን አወለቅህ። እኔ ራሴ የሠራሁልህን መነጽር። ጠረግከው፣ መልሰህ አደረግከው፣ ካርታህን አየህ፣ እኔን ግን አላየህም። ከዚያ ደብሌን አፍርሰህ፣ ጨረታውን ወደ እኛ መልሰህ፣ አምስት ልብ አልክ።

ታናሽየው ወንድሙን አየና ደብል አለን። ካልነው ሦስት ዙር ጎድሎን በሦስት ወደቅን። እነሱን ትተሃቸው ቢሆን ኖሮ እነሱ ነበሩ በሦስት የሚወድቁት። ቦታውን ወሰዱት፣ እጃችንን ጨበጡን፣ ታላቅየው እንዲያውም ሀዘኑን ገለጸልኝ።

ለምን ብዬ ስጠይቅህ ካርታህን ዘርግተህ አሳየኸኝ። "አንድም ስፔድ የለኝም እኮ። ታዲያ ሁሉም እነሱ ጋ ነው" አልክ። እኔስ አባዬ? ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። አንዴ በኖትራምፕ፣ አንዴ በደብል፣ እኔ ጋ ነው አልኩህ። አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። አንተ ጋ የሌለ ነገር እኔ ጋ ሊኖር እንደሚችል አልታየህም።

መሳሳትህ አይደለም ያናደደኝ። ማንም ይሳሳታል። ያናደደኝ በኋላ በረንዳው ላይ የሆነው ነው። ኮትህን ይዤ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፤ አንተ ለክለቡ ሊቀመንበር ስታወራ ሰማሁ። "ልጅ ናት፣ ደሟ ይሞቃል፤ እኔ ባላድናት ኖሮ ይብስ ነበር" አልከው። ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል፣ አባዬ። ደግሞስ ያዳንከኝ ከማን ነው? ቆሽቴ አርሮ ኮትህን ወንበር ላይ ጥዬልህ ወጣሁ። ተረስቶ ነው ብለህ አስበህ ይሆናል።

ማታ እናንተ ቤት እራት ላይ ለእማዬ በጨው ዕቃና በማንኪያ አሰላለፉን ስታስረዳት "በአሠራሩ መሠረት ልክ ነበረች፣ እኔ ግን ስሜቴ ነገረኝ" አልክ። እማዬ "ስሜትህን የምታምነውን ያህል ልጅህን ብታምናት ምን ነበረበት?" አለችህ። አንተ ዳቦውን አቀብዪኝ አልካት። እሷም አቀበለችህ። በቃ፣ ወሬው እዚያ አለቀ፣ እኔም ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ።

ሥራዬን ታውቃለህ። ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌንስ እየቀያየርኩ "ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?" እለዋለሁ። ሁለተኛው ካለኝ ሁለተኛው ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ገብቼ ላይለት አልችልም። አንተ ብትሆን "አይ፣ የተሻለህ የመጀመሪያው ነው" ብለህ ትሸኘው ነበር። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ። የጥርስ ሐኪሙ፣ አንተ "የሰው አፍ ማስከፈት እንጂ የራሱን መክፈት አያውቅም" እያልክ የምትቀልድበት፣ አጋሩ ከተማ ለቆበት አንድ ቀን ተቀመጪልኝ አለኝ። ተቀመጥኩለት። አሠራራችንን አንድ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ተስማማን፤ ያለሽን ጥሪ፣ የሌለሽን አትጥሪ፣ ከዚያ ውጪ ምንም። መሀል ላይ ተጋጣሚዎቻችን ከፍ አድርገው ጠሩና ደብል አልኩ። ሐኪሙ ካርታውን አየ፣ ቆየ። እኔ ሊያፈርስብኝ ነው ብዬ ትከሻዬ ተሰብስቦ ጠበቅኩ። ትከሻዬ እንደዚያ እንደሚሰበሰብ እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር።

ፓስ አለ።

ተጋጣሚዎቹም አልወደቁም። የእኔ ግምት ስህተት ነበር፤ የጠሩትን አሟልተው አሸነፉ፣ እኛም ብዙ ነጥብ ከሰርን። ሐኪሙ ካርታውን እየሰበሰበ ነበር። ለምን እንዳልሸሸ ጠየቅኩት።

"ይወድቃሉ አልሽ አይደል?" አለኝ።

"አልወደቁም እኮ።"

"ሌላ ጊዜ ይወድቃሉ" አለና የሚቀጥለውን ማደል ጀመረ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አንተ ጋ ደብል ብዬ ተሳስቼ አላውቅም፣ አባዬ፤ ለመሳሳት እንኳ ዕድሉን አልሰጠኸኝማ። ልክ ልሁን አልሁን አንዳችንም ልንለይ አንችልም ነበር። እኔ ራሴ በግምቴ ጎበዝ ልሁን ሰነፍ አላውቀውም፤ በዚህ ዕድሜዬ እሱን ገና መማር ጀመርኩ። ያን ቀን ተሸንፌ ወደ ቤቴ ስሄድ በልጅነቴ ካርታ መያዝ ያስተማርከኝ ጊዜ እንደነበረው ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ሆዴን ያባባዋል፣ ምክንያቱም ጨዋታውን ያስወደድከኝ አንተ ነህ።

ከእማዬ ስልክ በኋላ የክለቡ ጸሐፊ ደውላ ስሜ ሁለት ቦታ እንደሰፈረ ነገረችኝ፤ አንዱ ከአንተ ጋር፣ አንዱ እኔው ቀድሜ ካስመዘገብኩት ከሐኪሙ ጋር። ከአንተ ጋር ያለውን አሰረዝኩ። ሳልጠይቅህ ነው ያሰረዝኩት፣ አንተም ሳትጠይቀኝ ነው ያስመዘገብከው። ከጡረተኛው ፋርማሲስት ጋር እንድታጣምርህ ለመንኳት፤ እሱ ደስ ብሎታል። አምስተኛውን አሠራርህን አስተምረው። እሱ እንደኔ አይናደድም፣ ጆሮውም ቢሆን ብዙ አይሰማም፣ ትግባባላችሁ።

እወድሃለሁ። ይህን ለማባበል አይደለም የምጽፈው። እሑድ ምሳ እመጣለሁ፣ የመነጽርህ እጀታም ላልቷል፣ አጠብቅልሃለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ግን ፊት ለፊትህ አልቀመጥም። ያቃጠለኝ ሽንፈቱ አይደለም፤ አፍ አውጥቼ የነገርኩት ሰው እንዳልተናገርኩ ሲያደርገኝ ነው፣ ያም ሰው አንተ ስትሆን።

የመጀመሪያው ዙር ከእሑዱ ምሳ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ዕጣው ወጥቷል፤ እናንተ ከእኛ ጋር ናችሁ። እኔ ከግራህ፣ ሐኪሙ ከቀኝህ።

ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አጋርህ የጠራው ምን ማለት እንደሆነ እሱን መጠየቅ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር፤ የምትችለው ማመን ብቻ ነበር። ተጋጣሚ ግን የመጠየቅ መብት አለው፤ የሚመልስለት ደግሞ የጠራው ሰው ሳይሆን የጠራው ሰው አጋር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ደብል ስል ወደ ቀኝህ ዞረህ ሐኪሙን "ልጄ ምን ማለቷ ነው?" ብለህ ጠይቀው። አንድም ሳይቀንስ ይነግርሃል። እኔ በደንቡ መሠረት መናገር ስለማልችል፣ ዝም ብዬ እሰማችኋለሁ።

ልጅህ