ለሽማግሌ የማይሆን ጥያቄ

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ አንኮበር

ዛሬ በማሳ ድንበር የተጣሉትን ወንድማማቾች፣ ታደሰንና ከበደን፣ ለማስታረቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። የታመሙት እናታቸው የልጆቻቸውን እርቅ ሳያዩ እንዳይሞቱ ፈርተዋል። ታደሰ ይቅርታ ሊጠይቅ ብድግ ሲል የጋዜጠኝነት ልማዴ አሸነፈኝ።

"የድንበሩን ድንጋይ መጀመሪያ ያነሳው ማነው?" አልኩ።

"እሱ ነዋ!" አሉ ሁለቱም እኩል። ታደሰ ጋቢውን አፈፍ አድርጎ ወጣ።

ሰብሳቢያችን አባ ወልዴ፣ "አንተ ሰው፣ ለእርቅ ጠራንህ እንጂ ለምርመራ ነው እንዴ? ያነሳውን ብታውቅ ምን ልታደርገው ነበር?" አሉኝ።

ለሳምንት ተቀጠረ። ለእናትየው እንድነግር የተላክሁት እኔው ነኝ።

"የትኛው ነው እንቢ ያለው?"

"ልጆችዎ አይደሉም እማማ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"እሰይ፣ እነሱ ካልሆኑስ" አሉ። ቀጥለው ግን፣ "ሳምንት ሩቅ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።