ከአባባ ጆሮ ፊት የሚመታው ሥር

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ስለሚጀመር ነው እንጂ ልቤ ራርቶልሽ እንዳይመስልሽ። ስልክሽን ከዘጋሽ ይኸው ዐሥራ አንድ ቀን። የባልሽ እናት ቤት እንደተደበቅሽ የነገረችኝ ጎረቤትሽ ናት። እሷን እንዳትቀየሚያት፤ በሯ ላይ ቆሜ ያስጨነቅኳት እኔ ነኝ። ይህንንም ወረቀት የምልክልሽ በእሷ እጅ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ቅደጂው፣ አቃጥዪው፣ እንደፍጥርጥርሽ።

አባባ ለሰው ሲያስተዋውቀን «ይቺ የጭንቅላት ውስጡን ታያለች፣ ይሄኛው የጭንቅላት ላዩን ይቆርጣል» እያለ ይስቅ ነበር። ሰው ይስቃል፣ አንቺም ትስቂያለሽ። የአንጎል ምስል ሐኪም እና ፀጉር አስተካካይ ወንድሟ፣ ምን የማያስቅ ነገር አለው? እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ተሳፋሪ ማሳቅ ይወዳልና በእሱ አልፈርድም። በአንቺ ግን እፈርዳለሁ።

መጀመሪያ ቃል የጠፋበት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ጢሙን እየላጨሁት ስለ አንዲት ነዝናዛ ተሳፋሪ ሲያወራ መሐል ላይ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። ቀኝ እጁም ከወንበሩ ክንድ ላይ ተንሸራተተ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመለሰለትና «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ጨርስ እንጂ!» አለኝ። ወዲያው ለአንቺ ደወልኩ፤ አንቺም ጫማሽን እንኳ በቅጡ ሳታስሪ ነው የደረሽው። ያን ቀን ደግ ነበርሽ። ክፉሽን ስጽፍ ይህንንም ልጻፈው።

ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን በደንብ አስረዳን። ወደ ግራ አንጎሉ ደም የሚወስደው ትልቁ ሥር ተደፍኗል። ስለዚህ ከጆሮው ፊት ተነሥቶ ከራስ ቅሉ ውጭ፣ ከቆዳው በታች የሚሄደውን ቀጭን የደም ሥር ያነሣና፣ አጥንቱን በስቶ ያስገባና፣ አንጎሉ ላይ ካለ ሌላ ሥር ጋር ይሰፋዋል። አባባ ከሁላችንም ቀድሞ ገባው። «ዋናው መንገድ ሲዘጋ በውስጥ ለውስጥ መሄድ ነው፤ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ። ለዚህ ግን ሐኪሙ ካርታ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ላይ ከሁሉም ጎን እየዞረ የሚታይ፣ «ስሪ ዲ» የምትሉት ምስል፤ ሥሩ የት ታጥፎ የት እንደሚሄድ፣ አጥንቱ የቱ ጋ እንደሚበሳ የሚያሳይ። ያን ደግሞ እዚህ ከአንቺ በላይ የሚሠራ የለም ይላሉ።

አንቺም ምስሉን አይተሽ «ከውጭ የሚነሣው ሥር ደም አይሄድበትም፤ ቀዶ ሕክምናው አይቻልም» ብለሽ ፈረምሽ። ያን ጊዜ ምን አልኩሽ? «ኧረ እኔ በየሳምንቱ ስላጨው ከጆሮው ፊት ሲመታ አየዋለሁ! ነይና በጣትሽ ንኪው!» አልኩሽ። ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ «አንተ ፀጉርህን ቁረጥ» አልሽኝ። ሁለቱ ነርሶች ሳቁ። በቀን ሃያ ራስ በእጄ ያልፋል፤ የቱ ጋ ሥር እንዳለ ሳላውቅ ምላጭ ብይዝ ማን ይቀመጥልኛል? አባትሽ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደሽ ፊቱን መንካት ከበደሽ።

በፈረምሽ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ ያዘው። ይሄኛው በአምስት ደቂቃ አልተመለሰም። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ቀልድ ሄደ፤ ቀኝ እጁም ማንኪያ አልይዝ አለው። ሐኪሙ ጋ አንቺን ሳላስፈቅድ ይዤው ሄድኩ። ጣቱን ከጆሮው ፊት አሳረፈና ብዙ ቆየ። «ማነው የለም ያለው?» አለ። እንደገና ማሽን ውስጥ ገባ፤ በዚህኛው ግንባሩ አልታሰረም። ገና በኮምፒውተር ሳይስተካከል፣ ጥሬው ምስል ላይ ሥሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሐኪሙ አንቺን አስጠርቶ «ያኔ ራሱ የታሰረበት ቀበቶ ሥሩን ተጭኖ ደም ከልክሎታል። ማነው እንዲህ ያጠበቀው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልሽ።

አንቺ አልነበርሽም። እኔ ነኝ ያጠበቅኩት፤ አንቺም ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያውን ምስል ያነሣሽው ቀን አባባ ማሽኑን ፈርቶ ራሱን ያወራጭ ስለነበር እንድይዝልሽ እኔን አስገባሽኝ። አንቺ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነሽ በማይክሮፎን «ላላ አድርገህ እሰረው፤ እንዳይዞር ብቻ ነው» አልሽኝ። ሁለቴ አሰርኩት፣ ሁለቴ ዞረብኝ። ራስ መያዝ ሥራዬ ነው፣ ለእኔ ማን ያስተምረኛል ብዬ በሦስተኛው ጎተት አድርጌ አጠበቅኩት። ሲወጣ ከጆሮው ፊት ጀምሮ ቀይ መስመር ወጥቶበት ነበር። አንቺ ሳትደርሺ በመዳፌ አሸሁለት። በዚህ ዕድሜዬ ታላቅ እህቴ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐኪሙ ሲጠይቅ እውነቱን ልናገር ነበር ብል ውሸት ነው። «እኔ ነኝ» ስትይ ደስ አለኝ። ደስታዬ ራሴን ሲያሳፍረኝ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አባቴን ድዳ ያደረግሽው አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩብሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን እያወቅኩት ነው ያመለጠኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አንቺ ቦርሳሽን አንሥተሽ ወጣሽ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁሽም።

ግን ማን ለመነሽ? ያልነካሽው ፊት፣ የፈረምሽው ወረቀት የራስሽ ጥፋት ነው፤ እሱ አይበቃሽም ነበር? የእኔን ምን አሸከመሽ? እዚህም ላይ ታላቅ ልትሆኚብኝ ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ልጠላሽ ስነሣ እንኳ ጥላቻው ሙሉ አልሆንልህ አለኝ። ለዚህም ጠምጄሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ቢሮ ገብቼ «ቀበቶውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ይሄን ለመናገር ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብህ?» አለኝ። ቀጥሎ ያለኝን ልጻፍልሽ። ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ጠዋት ነው። በአንቺ ቦታ የተቀመጠው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ላይ አጥንቱን ከምስሉ ላይ ሲያጠፋ ያ ቀጭን ሥርም አብሮ ይጠፋበታል። ሦስቴ ሞክሯል። ሐኪሙ «የምበሳውን ቦታ በአንድ ጣት ስፋት ከሳትኩት ሥሩ አይደርስም፤ እሷ አጥንቱን ስታጠፋ ሥሩን ታስቀራለች። አምጣልኝ» አለኝ። ከሐሙስ ካለፈ ያው ሕመም ተመልሶ እንደሚቀድመን፣ ያኔም የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ነግሮኛል።

ስለዚህ ነይ። ልታረቅሽ ብዬ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ እኔ እወጣለሁ። ለሐኪሙ እውነቱን ስለተናገርኩም አታመስግኚኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ትናንት የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት አመጡለት። በግራ እጁ ብዕሩን ያዘና በሩን አየ። ከዚያ ቃል ሁሉ ጠፍቶበት የሰነበተው አባትሽ «ቆይ» አለ። ነርሷ ቆየች። እንደገና ስትሰጠው እንደገና በሩን አይቶ «ቆይ» አለ። በየሳምንቱ የምላጨው እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ የሚጠብቀው ግን አንቺን ነው። እኔ ልፈርምለት ወረቀቱን ብጎትት ነጠቀኝና ከጀርባው በታች አስገብቶ ተኛበት።

ይኸው እስካሁን እንደተኛበት ነው። ነይና አስነሺው።

የማያናግርሽ ታናሽ ወንድምሽ